አርባ ሦስት ማዳበሪያ አሸዋ

ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን አጀንዳ ያመጣችልኝ ልጄ ኑኃሚን ናት። ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው የምትሠራው፤ እዚያ የተረፈ አጀንዳ አይጠፋም። «እማዬ፣ በስልክ ከምትነግሪኝ ውስጥ ግማሹን እዚህ ላይ ጻፊው» ብላ ሰጠችኝ። በፍቅር ነው ያለችው። እኔም በፍቅር ነው የተቀበልኳት፤ ለሦስት ቀን ግን አልደወልኩላትም።

ለማን እንደምጽፍ ስለማላውቅ ከሥሩ ልጀምር። ስሜ ዘርፉ ነው። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል ይላሉ። ከናዝሬት በሁሩታ መንገድ ሲሄዱ ወደ ቀኝ የምትገነጠል ሌመን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ወንዟም ሌመን ነው። እዚያ ሻይ ቤት አለኝ፤ ሻይ፣ ዳቦ፣ ቀን ከቀናኝ ሳምቡሳ። ባለቤቴ ገርባ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ አትክልተኛ ነው፤ ለበዓል ለበዓል ይመጣል። ከሦስት ዓመት በፊት ከወንዙ አሸዋ ወርቅ ወጣ ተባለና ከተማችን ወርቅ አጣቢ ሞላት። ለሻይ ቤት ጥሩ ነው። ወርቅ ያላገኘ ሰው ብዙ ሻይ ይጠጣል።

እኔ ወርቅ አላጥብም። ጠዋት ዳቦ ከጋገርኩ በኋላ ከሃፍሳ ጋር ለጨዋታ ያህል ወንዝ እወርዳለሁ፤ ገበቴ ይዤ። እስካሁን ያገኘሁት በዓይን ጠብታ ብልቃጥ ውስጥ ተቀምጧል። ብልቃጡን አዘንብሎ መነጽር ያደረገ ሰው ያየዋል።

ሰኔ 29

ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ወንዙ ወተት እንደበዛበት ሻይ ሆኖ አደረ። ወርቅ አጣቢዎቹ ላስቲካቸውን እየነቀሉ ነው፤ በደፈረሰ ውሃ ወርቅ አይታጠብም፣ በጥቅምት ይመለሳሉ። ሻይ ቤቱ ቀዘቀዘ።

እኔና ሃፍሳ ግን አንድ ነገር አሰብን። (ያሰብኩት እኔ ነኝ። ሃፍሳ እኔ ነኝ ትላለች።) ጎርፉ በየሌሊቱ ከአርሲ ተራራ አዲስ አሸዋ እየጠረገ አምጥቶ ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ይጥለዋል። ወርቅ ያለው ደግሞ ጥቁሩ አሸዋ ውስጥ ነው። አሁን ማጠብ ባይቻል መሰብሰብ ማን ከለከለ? በባዶ ማዳበሪያ ጆንያ እየሞላን እናስቀምጥና ጥቅምት ላይ ውሃው ሲጠራ ቁጭ ብለን እንጠብ።

ሃፍሳ የግድግዳ ጎረቤቴ ናት። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ሳስነጥስ ከዚያ በኩል ይማርሽ ትለኛለች። አራት ልጆች አሏት፣ ጓሮ የላትም። ስለዚህ ጆንያው እኔ ጓሮ ተደረደረ። ሸራ አለበስኩት። ምንድን ነው ሲሉን ለአጥር ነው እንላለን። ወርቅ ነው ካልን ነገ ሁሉም ይሰበስባል። ውሸት አይደለም፤ አጥርም ያስፈልገኛል።

ማታ ገርባ ደወለ። በግንቦት ታይፎይድ ይዞኝ ከስቼ ስለነበር የጋብቻ ቀለበቴ ላልቷል። ያኔ ሊጠይቀኝ ሲመጣ አይቶ፣ ከሥሩ ክር ጠምጥሚበት ብሎኝ ነበር። አሁንም «ክሩን አሰርሽ?» አለኝ። አስሬአለሁ አልኩት። ነገ አስራለሁ።

ሐምሌ 3

ዛሬ ብቻ አስራ አንድ ጆንያ። ወገቤ። አካፋው ለሁለት አንድ ስለሆነ እኔ በእጄ ነው የሞላሁት። ድምሩ አርባ ስድስት።

እጄን ስታጠብ ነው ያየሁት።

ቀለበቴ የለም።

ሐምሌ 4

ቤቱን ገለበጥኩት። የበርበሬ ዕቃ፣ የሳሙና ዕቃ፣ የአልጋ ሥር። ዶሮዬን ራሷን ጠርጥሬአት ነበር፤ ግማሽ ቀን ተከተልኳት።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ትናንት ከወንዝ እንደተመለስኩ የዛሬውን ዳቦ አቡክቻለሁ። ያልተሸጠውን ሁሉ በጣቴ ፈረፈርኩ። የተሸጠው ግን ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ ሰው አፍ ውስጥም ነበር። አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩና ቀስ ብላችሁ አኝኩ አልኳቸው። ጋሽ ሰይፈሚካኤል ለምን አሉኝ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ለምን ሳይሉ ውሃ አይጠጡም። ለጨጓራ ጥሩ ነው አልኳቸው። እሳቸው ታዲያ አንዱን ጉርሻ ሠላሳ ጊዜ እየቆጠሩ ማኘክ ጀመሩ፤ የቀሩትም አስተማሪ ያደረጉትን አደረጉ። ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ። የሚሰማው መንጋጋ ብቻ ነው። እኔ ፊት ለፊታቸው ቆሜ ጥርስ ሲሰበር እጠብቃለሁ። የማንም ጥርስ አልተሰበረም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጌታን አመሰግንበት ነበር።

እንግዲህ ከጆንያዎቹ አንዱ ውስጥ ነው። የትኛው? ምልክት አላደረግኩም። ሁሉም ላይ «ዩሪያ» ተብሎ ተጽፏል። ትናንት ማታ ደግሞ ሃፍሳ ቦታ ይቆጥባል ብላ ሁሉንም እንደገና ደርድራዋለች። ሃፍሳ ስትደረድር የታችኛው ላይ፣ የላይኛው ታች ይሆናል።

አገሩ ሁሉ ከአሸዋ ወርቅ ያወጣል፤ እኔ አስገባሁ።

ለገርባ ለምን አልነግረውም? መጮህ አያውቅም፤ ዝም ነው የሚለው። አንድ ጊዜ ሬዲዮኑን ባልዲ ውስጥ ጣልኩበትና ከገና እስከ ፋሲካ ዝም አለ፤ ጨው አቀብይኝን በእጁ ነበር የሚያሳየኝ። ሬዲዮ ነው ይሄ። ቀለበቱን ለመግዛት ወጣት እያለ ዓመቱን ሙሉ ሸንኮራ ቆርጧል። የእጁ ጠባሳ አሁንም አለ። ያ ሁሉ ሆኖ ያለኝ ክር እሰሪበት ብቻ ነበር። ክሩ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ከመርፌው ጋር። አሁንም እዚያው ነው።

ለእንቁጣጣሽ ይመጣል። ሁለት ወር አለኝ።

ሐምሌ 9

ሦስት ጆንያ አጠብኩ። የጣሪያ ውሃ በበርሜል እየጠራቀምኩ፣ ከዳቦው በኋላ፣ እጄ እስኪነጣ። አንድ ጆንያ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የተገኘው አንድ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አንድ መንጠቆ፣ ብልቃጡ ውስጥ ካለው እንኳ ያነሰ ብናኝ።

ሃፍሳ በግድግዳው ጥግ ብቅ ብላ ጥቅምት አላልንም እንዴ አለችኝ። ጓጉቼ ነው አልኳት። ረጅም ጊዜ አየችኝ። እሷን ማታለል አልወድም፤ ግን ሃፍሳ ምስጢር የምትነግረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ ያም ሰው በየቀኑ ይለያያል።

አርባ ሦስት ቀረ።

ሐምሌ 15

ደክሞኛል ግን ካልጻፍኩ አልተኛም።

ትናንት እንዲህ ያለ ውሽንፍር መጣ፣ ቆርቆሮው እንደ ከበሮ ተመታ። ወንዙ ከመታጠፊያው ወጥቶ የታችኛው ሠፈር አራት ቤት ገባ። ሰው አልተጎዳም። የሠፈራችን ሰው የማናሴ ዶሮ ቤት ከነአውራ ዶሮው ተነሥቶ ሄደ፤ ድልድዩ ጋ ያዩት ሰዎች ዶሮው ቆሞ ይጮህ ነበር ይላሉ።

ዛሬ የዕድሩ ድንኳን ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። የቀበሌው ሊቀመንበር ወዬሳ፣ መታጠፊያው ላይ በአስቸኳይ የአሸዋ ጆንያ ካልተደረደረ በሚቀጥለው ጎርፍ የታችኛው ሠፈር አይተርፍም አለ። እኔና ሃፍሳ ያለነው የታችኛው ሠፈር ነው። ባዶ ጆንያ አለ፣ አሸዋው ግን ውሃ ሥር ገብቷል፤ ከየት ይሞላ? ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

ሃፍሳ ተነሣች። የልጆቿን ልብስ ሌሊቱን ስትጨምቅ ነው ያደረችው። ዘርፉ ጓሮ አርባ ሦስት ተሞልቶ የተቀመጠ አለ አለች። ስትቀመጥ በጆሮዬ፣ አሸዋው የት ይሄዳል፣ ጥቅምት ላይ አንሥተን እናጥበዋለን፣ ልጆቼ ይበልጣሉ አለችኝ። ምን ልበላት? ልጆቿ በእርግጥ ይበልጣሉ።

ድንኳኑ አጨበጨበ። ወዬሳ እጄን ይዞ አስነሣኝ፤ ከመንግሥትም ከሬዲዮም በፊት ጎርፉን ያሰበች እናት ናት አለ። «ገለቶሚ፣ አዴ ዘርፉ» ብሎ በኦሮምኛ አመሰገነኝ። ለአጥር ነው ለማለት አፌን ስከፍት ጭብጨባው ባሰ። በአንድ ድምፅ የጎርፍ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆንኩ።

ጋሽ ሰይፈሚካኤል ብቻ ሸራውን ለምን አለበስሽው አሉኝ። እንዳይረጥብ አልኩ።

«አሸዋው?»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ሐምሌ 16

አርባ ሦስቱም ሄዱ። በጎረምሳ ትከሻ፣ በጋሪ፣ በአህያ። መታጠፊያው ላይ ሆኜ አዘዝኩ። መጨረሻ የተሞሉት ከላይ ይሁኑ አልኩ። የትኞቹ ናቸው አሉኝ። ከላይ የሚሆኑት አልኩ። ሰብሳቢ ስለሆንኩ እሺ አሉ።

ሐምሌ 25

ሁለት ጊዜ ሞላ፣ ሁለት ጊዜ ግድቡ መለሰው። ወደ ሠፈሩ አንድ ጣሳ ውሃ አልገባም።

ከወረዳ መጥተው ፎቶ አነሡኝ። ግራ እጄን ነጠላ ውስጥ ከተትኩ። እንደ ትልቅ ሴት አምሮብሻል አለችኝ ሃፍሳ።

ፎቶውን ኑኃሚን ለአባቷ ልካለታለች። ገርባ ደውሎ ለእንግዶቹ ሁሉ ማሳየቱን ነገረኝ። ስለ ዝናብ ሳይሆን ስለ እኔ አስር ደቂቃ አወራ፤ ገርባ በስልክ ሁለት ደቂቃ ካወራ ታሟል ማለት ነው። ይሄን ሁሉ አሸዋ መቼ ሞላሽው አለኝ። ቀስ በቀስ አልኩት። አንቺ እኮ የነገን ታስቢያለሽ አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ዳቦውን አሳረርኩት።

ነሐሴ 2

ዛሬ ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ ግድቡ ወረድኩ። ቁጥጥር የሰብሳቢ ሥራ ነው። ወስፌ ይዤ ነበር። በጆንያው ሽመና መሃል ቀስ ብሎ የገባ ወስፌ ጉዳት የለውም፤ ጠጣር ነገር ሲነካ በእጅ ይታወቃል። ስድስት ጆንያ ወጋሁ። አራቱ ውስጥ ጠጠር ነበረ። ጠጠር ይሁን ሌላ ወስፌ አይናገርም።

ቀና ስል ጋሽ ሰይፈሚካኤል ጃንጥላ ይዘው ከላይ ቆመዋል።

ምን እያደረግሽ ነው አሉኝ። እርጥበቱን እየለካሁ ነው አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «ወይዘሮ ዘርፉ፣ ወንዝ ውስጥ ነው ያለው» አሉ።

ምን ዓይነት ጅል ነኝ። ሙቀቱን ብል ይሻል ነበር።

ነሐሴ 5

ሻይ ቤቱ በድንገት ሞላ። ሁሉም ስለ እርጥበት ይጠይቀኛል። እርጥበቱ እንዴት ነው፣ ዘንድሮ እርጥበቱ ስንት ካራት ነው። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ። ቀጥዬ ግን ሱቅ ሄጄ ሱቁ ወስፌ አልቆበት አገኘሁት። የሌመን ወንዶች ሁሉ በሦስት ቀን ስፌት አልጀመሩም መቼም።

ነሐሴ 9

ዛሬ ጠዋት ቆጠርኩ። ሠላሳ ስምንት። ደግሜ ቆጠርኩ። ሠላሳ ሰባት።

ነሐሴ 11

ሠላሳ አንድ።

ወዬሳ ዘብ አቆመ። ዘቡ ዶሮ ቤቱ የሄደበት የማናሴ ወንድም ነው።

ማታ ስቆጥር ሃያ ዘጠኝ።

ነሐሴ 13

ሃፍሳ ተቀይማኛለች። ጠዋት መጥታ በሩ ላይ ቆመች፣ ግቢ ብላት አልገባም አለች። ሐምሌ ላይ ጥቅምትን ሳትጠብቂ የተጣደፍሽው ገብቶኛል አለችኝ። ያን ቀን አብረን ስንሞላ ቁራጭ ወርቅ አይተሽ ነው። ለእኔ ሳትነግሪኝ ለብቻሽ ልታወጪው ነው። አስራ አራት ዓመት ጎረቤትሽ ነኝ አለች።

እንዲያ አይደለም አልኳት። ታዲያ እንዴት ነው አለችኝ። ልነግራት ነበር። ግን ለሃፍሳ ብነግራት ማታ ገርባ ላንጋኖ ሆኖ ይሰማዋል። ጠረጴዛውን መወልወል ጀመርኩ። ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

ከሰዓት አስነጠስኩ። ከግድግዳው ወዲያ ምንም አልተሰማም።

ነሐሴ 16

ሃያ አራት። ግድቡ መሃሉ የወለቀ ጥርስ መስሏል። ሌሊት ወስደው፣ አጥበው፣ አፍስሰው ነው የሚጥሉት። ወርቅ ያገኘ የለም፤ ይሄም አባሰባቸው፤ የሚቀጥለው ውስጥ ነው ይላሉ።

በአርሲ በኩል ሰማዩ ከሰል ሆኗል። ወዬሳ ለብቻዬ ጠራኝ። ትሑት ልጅ ነው፣ እግሬን እያየ ነው ያናገረኝ። አንድ ነገር ካለ ለቀበሌው ብነግር በሕግ እንደሚያዝ፣ እኔም ድርሻዬን እንደማጣ አስረዳኝ። እንደማላጣ ለማለት ፈልጎ ነው። ምንም የለም አልኩት። እሺ አለ፤ ሲሄድ ግን የጫማው ሥር ጥቁር አሸዋ ነበረው፤ የኛ ሠፈር አፈር ደግሞ ቀይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ራሴን ሳልዋሽ ልጻፈው። እውነቱን ካልተናገርኩ ሰው ግድቡን ይጨርሰዋል። ጎርፉ መጥቶ የሃፍሳን ልጆች አልጋ ላይ ያገኛቸዋል። ከተናገርኩ ደግሞ ገርባ ይሰማል። ነገ በስምንት ሰዓት ስብሰባ ጠርቻለሁ። ገርባ ሩቅ ነው፤ ከሰማም በስልክ ይሰማል፣ በስልክ ዝም ቢለኝ ኔትወርክ ነው እላለሁ።

ነሐሴ 17

በጠዋቱ ገርባ መጣ።

ሳይደውል። የአርሲ ዝናብ ክፉ ነው ሲባል ሰምቶ ፈቃድ ጠይቆ፣ በአንድ እጁ ቦርሳ፣ በሌላው የፓፓያ ችግኝ። ላግዝሽ ብዬ ነው አለኝ። ለመጨረሻ ጊዜ እጄን የያዘው በግንቦት ስታመም ነበር፤ አሁንም ሊይዘኝ ሲል ሊጥ ነው ብዬ ሸሸሁ። ሊጥ አልነበረም።

የቀረውን ነገ እጽፋለሁ። ጎርፉ እየመጣ ነው ይላሉ።

ነሐሴ 18



ትናንት በስምንት ሰዓት ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። እቤት ሁን፣ ድካም ይለፍህ ብለው ገርባ አልሰማኝም። ባለቤቱ ሰብሳቢ የሆነችበትን ስብሰባ ሊያይ ችግኙን እንደያዘ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

ጆንያው ውስጥ ወርቅ የለም፣ የወሰዳችሁትን መልሱ፣ ወንዙ ዛሬ ይመጣል አልኩ። ማንም አልተነቃነቀም። ጋሽ ሰይፈሚካኤል ተነሥተው፣ ባለወርቅ ሁሉ የለኝም ነው የሚለው፣ ስለዚህ ንግግሩ ማስረጃ ነው አሉ። ሰው በአዎንታ አጉረመረመ። ሃፍሳ ፊቷን አዙራለች። ከውጭ የወንዙ ድምፅ እንደ ብዙ የጭነት መኪና ይሰማል።

ገርባን አየሁት። ፈገግ ብሎ ነበር፤ ኮርቶብኛል።

«እሺ» አልኩ። «አንድ ወርቅ አለ።»

ሰው ሁሉ ወደ ፊት ተጠጋ።

«የጋብቻ ቀለበቴ ነው። ሐምሌ ሦስት ቀን ጆንያ ስሞላ ወለቀ። ክር እሰሪበት ተብዬ አላሰርኩም፤ አስሬአለሁ ብዬ ዋሸሁ። የዋሸሁት ሰው ያውና በሩ ላይ ቆሟል።»

መቶ ሰው ዞሮ ገርባን አየ። ገርባ እኔን አየ፣ ከዚያ ግራ እጄን። ነጠላዬ ውስጥ ነበር፤ አወጣሁት።

የተናገረችው ሃፍሳ ናት። «ባሏ ፊት እንዲህ የምትል ሴት ወርቅ አልደበቀችም። ተነሡና ጆንያችሁን አምጡ። የእኔ ልጆች ናቸው እዚያ ያሉት።»

ሰው ተነቃነቀ። ገርባ በሰው መሃል ወደ እኔ መጣ።

«ክሩን አላሰርሽም ማለት ነው» አለኝ።

«አላሰርኩም።»

ገርባ ችግኙን ለወዬሳ አሸከመውና እጅጌውን ሰበሰበ።

ከዚያ ያየሁትን ሁሉ መጻፍ አልችልም። ጆንያ ከየአልጋው ሥር ወጣ፣ ከዶሮ ቤት፣ ከጣሪያ ላይ። የታጠቡት ባዶ ነበሩ፤ ሴቱ ሁሉ የጓሮውን ቀይ አፈር በድስት፣ በሳፋ ሞላበት። ጋሽ ሰይፈሚካኤል አራት ጆንያ በጋሪ አስገፍተው መጡ፤ ለምርምር ነበር አሉ፤ ማንም ለምን አላላቸውም። ወዬሳ ሁለት በትከሻው ይዞ ሲያልፍ፣ ያገኘሁት ነው አለኝ። የት አላልኩትም።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ውሃው መጣ። ግንድ ይዞ፣ የአጥር ቆርቆሮ ይዞ። ግድቡ ደረቱን ሰጠ፤ ላዩ ቆመ። ከሥር ግን፣ ድሮ ከተሰረቀው ቦታ፣ የክንድ ያህል ቀዳዳ ከፍቶ ወደ ሠፈሩ መርጨት ጀመረ። ቀዳዳው እያየነው ይሰፋል። ጆንያ ጆንያ ተባለ። መሬት ላይ የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ ከእኔው ከአርባ ሦስቱ፣ ጥቁር አሸዋ ያለው፣ ጎኑ ላይ የተቀደደ። ሌላው ሁሉ ከላይ ተጭኗል።

ገርባ ሁለት እጁን ከሥሩ አስገብቶ አቀፈው። ለቀዳዳው ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

እኔ አጠገቡ ነበርኩ፣ ውሃው እጉልበቴ ድረስ። የቀኝ እጁ ጣቶች በቅዳዱ ወደ ውስጥ ገብተዋል። አውራ ጣቱ ቀስ ብሎ በአንድ ነገር ዙሪያ ዞረ። ፊቱን አየሁት። ሃያ ሰባት ዓመት ያየሁት ፊት ነው። ጆንያውን መሬት ቢያስቀምጠው፣ አንድ ደቂቃ፣ ግማሽ ደቂቃ ይበቃው ነበር። ከኋላችን የሃፍሳ ትንሿ ልጅ እናቷን ስትጣራ ይሰማል። ዓይኑን አንሥቶ አየኝ። ጠየቀኝ ማለት ነው።

«ክተተው» አልኩት።

ከተተው። በትከሻው ገፍቶ፣ በእግሩ ረግጦ ቀዳዳው ውስጥ ወተፈው። ወዲያው ስድስት ሰው አፈርና ድንጋይ ጫነበት። ውሃው ቆመ።

ስንመለስ ሃፍሳ ክንዴን ይዛኝ ነበር። ስለ ቅያሜው ሳይሆን ስለ እግሯ ቁስል ነው ያወራችኝ። በሯ ላይ ስንደርስ አስነጠስኩ። ይማርሽ አለችኝ።

ነሐሴ 20

ወንዙ ወረደ። የታችኛው ሠፈር ደረቅ ነው። ጋሽ ሰይፈሚካኤል ሻይ ቤት መጥተው ሁለት ዳቦ በሉ፤ አሁንም ይቆጥራሉ።

ዛሬ ወዬሳ ግድቡ ጋ ጠራን። ዝናቡ ሲያበቃ በላዩ ድንጋይና ሲሚንቶ ተደርጎበት ለሁልጊዜ ሊቆም ነው። ከዚያ በፊት የታችኞቹን ጆንያዎች ከፍተን እንፈልግላችሁ ወይ አለን። ብዙ ሰው ነበረ፤ ሁሉም አካፋ ይዞ ነው የመጣው፣ ለእኔ ሲል። ከሥር ከተነካ ግድቡ እንደገና መሠራት አለበት፣ ዝናቡ ደግሞ ገና ሦስት ሳምንት አለው።

እኔ ሳልናገር ገርባ «አይነካም» አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ዝም እንደሚል ገምቼ ለብዙ ወር ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን አወራ። ፓፓያው የት እንደሚተከል አወራ፣ የላንጋኖ ነፋስ ቅጠል እንዴት እንደሚበላ አወራ፣ ስለ አንድ እንግዳ ውሻ አወራ። ገርባ ይህን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። የሃፍሳን በር ስናልፍ፣ በውሻው ወሬ መሃል፣ «ያ በጎርፉ ቀን ጣቴን የነካኝ ድንጋይ ነው» አለኝ። «ክብ ድንጋይ። ለስላሳ።»

እኔ ምንም አልጠየቅኩትም ነበር።

እሺ አልኩት። ድንጋይ ነው። እዚህም ድንጋይ ብዬ ጽፌዋለሁ።